የጎጃም የእርሻ መሬት፦ ጥበቃውና ለአካባቢው ኢኮኖሚ ያለው ዋጋ

ጎጃም አባይ ዙሪያውን የሚዞረው፣ በእርሻ የሚኖር አገር ነው። በምሥራቅ፣ በደጀንና በቢቸና በኩል፣ ጥቁሩ ዋልካ የጤፍ ነው። በምዕራብ፣ በቡሬ፣ በወምበርማና በሜጫ፣ በቆሎ ይበዛል። ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ገብስና ድንች ይተካሉ።

የአንድ ማሳ ጥቅም ባለቤቱ ጎተራ ላይ አያበቃም። አዝመራ ሲደርስ የቀን ሠራተኛው ለአጨዳ ይመጣል። እህሉ ከተወቃ በኋላ ደላላው፣ ነጋዴው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የአይሱዙው ሹፌር ሁሉ እንጀራ ያገኙበታል። ገበሬውም የሸጠበትን ብር ይዞ ቆርቆሮና ልብስ ይገዛል። ምርት በጠፋበት ዓመት የከተማው ሱቅም ይቀዘቅዛል።

መሬቱን ከሚጎዱት አንዱ ጎርፍ ነው። የጮቄ ተዳፋት ሽቅብ ስለታረሰ የክረምቱ ውሃ አፈሩን ጠርጎ አባይ ይከተዋል። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ ማስወገጃ ቦይ፣ ያወጣል። ፈሰሱ ሰብሉን ያድናል፤ ቁልቁለቱ ከበዛ ግን እያደር ቦረቦር ይሆናል። ደምበጫ አካባቢ፣ አንጀኒ ላይ፣ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሞክሯል። ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ተወርውሮ ክትር ይሆናል። ጎርፉ ያመጣው ደለል ከክትሩ ጀርባ እየተጠራቀመ ተዳፋቱ ቀስ በቀስ ይደለደላል። በየዓመቱ በበጋው ሕዝቡ ወጥቶ የተፋሰስ ሥራ ይሠራል። ይህ ትልቅ ድካም ነው። ከአዝመራ በኋላ ከብት እንደልቡ ከተለቀቀበት ግን ክትሩ ይናዳል።

ሌላው የአፈር አሲዳማነት ነው። ዝናብ በሚበዛባቸው በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋዎች፣ ማዳበሪያ ተጨምሮም ሰብሉ አልነሳ ይላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ግን ማጓጓዣው ይከብዳል። ስለዚህ ብዙዎች ወደ ባሕር ዛፍ ዞረዋል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ቶሎ የሚያድግ የግራር ዝርያ ተክለው ከሰል ያከስላሉ፤ ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱን መልሰው እህል ይዘሩበታል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበው የከተማ መስፋፋት ነው። የተሸረሸረ መሬት በእርከን፣ የኮመጠጠ አፈር በኖራ ያገግማል። ቤት የተሠራበት ማሳ ግን ተመልሶ አይታረስም። ከተሞቻችን የሚሰፉት ደግሞ ለግንባታ ወደሚመቸው ሜዳ፣ ማለትም ወደ ምርጡ እርሻ ነው። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ይሁን እንጂ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በካሳ ይለቃል። የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል። ከዚያ ማሳ ሲጠቀሙ የኖሩት አጫጁና ሹፌሩ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። ከተማ ዳር ያለ ገበሬ ደግሞ ዛሬ ነገ ይወሰድብኛል ብሎ ከሰጋ እርከን አይሠራም፣ ኖራም አይበትንም።