በፎርድ ሞዴል ኤ ላይ የዘይት ፍሬን መግጠም

ፎርድ ሞዴል ኤ የ1928–1931 እ.ኤ.አ. መኪና ናት። ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዛሬም እየተነዳች ያለችው ቀላል አይደለችም። ፍሬኗ ግን ዘይት አያውቅም። ፔዳሉ ሲረገጥ የብረት ዘንጎች ይሳባሉ፤ አራቱም ጎማ የሚያዘው በእነሱ ነው። በደንብ የተስተካከለ የዘንግ ፍሬን ይሠራል። አንዱ መጋጠሚያ ከተበላ ወይም አንዱ ዘንግ ከላላ ግን መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጎን ትጎትታለች።

በዘይት ፍሬን ግፊቱ በየቱቦው እኩል ይደርሳል። መኪና ሠሪው ዱዘንበርግ በ1921፣ ክራይስለር ደግሞ በ1924 ተጠቅመውበታል። ሄንሪ ፎርድ ግን በብረት ዘንጉ ጸንቶ እስከ 1939 ሞዴል ቆየ። እኛ ቮልስ የምንላት መኪና እንኳ ርካሹ ሞዴሏ እስከ 1962 በገመድ ፍሬን ነበር የምትሠራው።

የተለመደው መንገድ ከ1940–1948 ፎርዶች ላይ ዕቃ ማውጣት ነው። የ1939ኙ ዘይት ፍሬን ቢሆንም የጎማ ቡሎኖቹ በጣም ተራርቀው ስለተሰካኩ አይገጥምም። ከ1940 ወዲህ ያለው ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) አምስቱም ቡሎን ከሞዴል ኤ ቸርኬ ጋር ልክ ነው። የታምቡሩ ዲያሜትርም 12 ኢንች ነው፤ የድሮው 11 ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የሞዴል ኤ ሽቦ ቸርኬ መሃሉ በታምቡሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም። በመካከል የብረት ቀለበት ካልገባ ቡሎን ሲጠብቅ ቸርኬው ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ቀለበቱ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ያለ እሱ ግን መንዳት አይገባም።

የድሮውን ሸራ፣ ማለትም ታምቡሩን ከውስጥ እየተፋተገ የሚይዘውን ክፍል፣ ስትፈቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ። የዚያ ዘመን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ማስተር ሲሊንደሩ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ በውስጡ ባለው ፒስተን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው እሱ ነው። በፔዳሉና በፒስተኑ መካከል ያለው አጭር ዘንግ ትንሽ ክፍተት ይፈልጋል፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዘንጉ ከረዘመ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ደቃቅ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ሸራውን ይገፋል። ሸራው ሲፋተግ ደግሞ ሙቀቱ ይብሳል። ማንም ፔዳል ሳይረግጥ መኪናዋ ራሷን ትይዛለች። ብዙ ሰው ሸራው ጠብቋል ብሎ ጎማውን ይፈታል፤ ጥፋቱ ያለው ግን ፔዳሉ ሥር ነው።

ከተቻለ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ሲሊንደር ይግባ። የፊቱ ቱቦ ቢፈነዳ የኋላው ይቀራል። አሜሪካ ከ1968 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ያደረገችው በዚሁ ምክንያት ነው። ቱቦው ለፍሬን የተሠራ ብረት ይሁን፤ ተራ መዳብ ንዝረት አይችልም።

ከቱቦው አየር ማስወጣት ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከታች የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ከፍቶ ይዘጋል፤ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለ ማለት ነው።

የእጅ ፍሬኑ ከዘይቱ ተለይቶ በገመድ መሥራት አለበት። ዘይት ቢያልቅ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ባዶ መንገድ ላይ፣ በዝግታ ይሁን። ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ታምቡር አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ሸራው አልተላቀቀም፤ ያን ጎማ መልሳችሁ ፍቱ።