የሮማንቲክ ዘመን የአጨዳ ሥዕል ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ የአጨዳን ደስታ አስገብቶ ድካሙን ደጅ የሚያስቀር ሥዕል ነው። የሮማንቲክ ዘመን የሚባለው ጥበብ ለስሜትና ለተፈጥሮ ያደላበት ጊዜ ነው፤ ያኔ በ1800ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) አውሮፓ ውስጥ ገዢው ብዙ ነበር። ከተማው በፋብሪካ ጭስ ሲታፈን ገንዘብ ያለው ከተሜ ግድግዳው ላይ ገጠር እንዲሰቀልለት ፈለገ፤ ያውም ፀሐዩ የማያቃጥል፣ ወገብ የማይቆርጥ ገጠር።

ለእኔ ዋናው ምሳሌ የስዊሱ ሌኦፖልድ ሮበር በ1830 የጨረሰው፣ አጫጆች ጣሊያን ውስጥ ጶንቲን ረግረግ ሲደርሱ የሚያሳየው ሥዕል ነው። አሁን ሉቭር ሙዚየም አለ። መሃል ላይ በጎሾች የሚጎተት ጋሪ፣ ጋሪው ላይ ልጅ ያቀፈች ሴት ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ቁርጥ ምስለ ፍቁር ወልዳ። ሙዚቃ አለ፣ ጭፈራ አለ። ልብሱ ሁሉ የክት ነው! ነዶ የተሸከመበት አይመስልም።

ጉዱ ያለው ቦታው ላይ ነው። ጶንቲን ከሮም በስተደቡብ ያለ የታወቀ የወባ አገር ነበር። ሰው ብዙም ስለማይኖርበት እህሉን የሚያጭዱት ከተራራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፣ እነሱም የሚመጡት በሙቀቱ ወራት ነው። ታሞ የሚመለስ አለ፣ ጭራሽ የማይመለስም አለ። ሥዕሉ ላይ ግን ሁሉም ጤና በጤና። በ1831 ፓሪስ ሲታይ ጉድ ተባለለት፣ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ገዛው።

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ደግሞ ሠራተኛውን ያርቀዋል። በ1821 በሳለው «የድርቆሽ ጋሪ» ላይ ዓይን የሚይዘው ውሃ ውስጥ የገባው ጋሪና ሰማዩ ነው። አጫጆቹስ? ወዲያ ማዶ ሜዳው ላይ ነጠብጣብ የሚያካክሉ ሆነዋል። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋና ደመወዝ ወድቆ ስለነበር፣ በ1822 እዚያው ምሥራቅ እንግሊዝ የእርሻ የቀን ሠራተኛው የመውቂያ ማሽን ሲሰብር፣ ክምር ሲያቃጥል ነበር። ኮንስታብልን ውሸታም አልለውም፤ ደመናን እንደሱ አይቶ የሳለ ጥቂት ነው። ብቻ የሚያየው ከወፍጮ ቤቱ በኩል ነው፣ አባቱ የወፍጮ ባለቤት ነበሩ።

የጎበጠ ወገብ በትልቁ የመጣው ቆይቶ ነው። ፈረንሳዊው ሚሌ በ1857 ቃርሚያ የሚለቅሙ ሦስት ሴቶች አሳየ። ትልልቁ ክምር ከኋላቸው ርቆ ይታያል፣ ጥግ ላይ በፈረስ የተቀመጠ አሠሪ አለ። ከተቺዎቹ አንዳንዶቹ ተቆጡ። ፈረንሳይ ውስጥ የተነሳው የ1848ቱ አብዮት ገና ከአእምሯቸው አልወጣም ነበርና ሥዕሉ አብዮት አብዮት ሸተታቸው።