የአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማ ዋና ደራሲያን፦ ያነጹትና ያፈረሱት

በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሥራ ቀናት የሚተላለፉትና ማብቂያ የማይታሰብላቸው የቀን ድራማዎች «ሶፕ ኦፔራ» የሚለውን ስም ያገኙት፣ ገና በሬዲዮ ዘመን ወጪያቸውን ይሸፍኑ ከነበሩት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ካሉ የሳሙና አምራቾች ነው። አንድ ድራማ በሳምንት አምስት ክፍል፣ በዓመት ደግሞ ወደ 250 የሚጠጋ ክፍል ያቀርባል። ይህን ሁሉ የሚመግበው ታሪክ የሚወጣው ከዋና ደራሲው ነው። ዋና ደራሲው የብዙ ወራትን የታሪክ ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ከሥሩ ያሉት ደራሲያን ዕቅዱን በየዕለቱ ትዕይንት ይከፋፍሉታል፣ ሌሎች ደግሞ ንግግሩን ይጽፋሉ። ከበላዩ ፕሮዲውሰሩ፣ ጣቢያውና ስፖንሰሩ አሉበት። ስለዚህ ከዚህ በታች «የእገሌ ሥራ» ሲባል፣ ምስጋናውም ሆነ ወቀሳው ከብዙ ሰው ጋር የሚጋራ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያውን ከሌላው የድርሰት ሥራ የሚለየው ዋና ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው በሠራው ቤት ውስጥ የሚገባ መሆኑ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ከእሱ በፊት ተጋብተዋል፣ ተፋትተዋል፣ ወልደዋል፤ ተመልካቹም ታሪካቸውን ከእሱ አብልጦ ያውቃል። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ማየት የጀመረች ልጅ እናት ሆና ያንኑ ድራማ ስታይ፣ የሠላሳ ዓመት ትዝታ ይዛ ነው። የዋና ደራሲያንን ጥሩና መጥፎ ሥራ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መስፈሪያ ያለ አይመስልም፤ የላቁት ይህን ትዝታ አክብረው ሠርተውበታል፣ የወደቁት እንደ ባዕድ ገንዘብ በትነውታል።

የዘርፉ እናት አይርና ፊሊፕስ ናት። በ1930 በቺካጎው ደብሊው ጂ ኤን ሬዲዮ የጀመረችው ሥራ በ1937 «ጋይዲንግ ላይት»ን ወለደ፤ ይህ ድራማ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ እስከ 2009 ዘልቋል። ፊሊፕስ የገጸ ባሕርያቱን ድምፅ እየለዋወጠች ለጸሐፊዋ ቃል በቃል ታጽፍ ነበር። ድራማ በቀን የ15 ደቂቃ ጉዳይ በነበረበት ዘመን በ1956 «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ»ን በግማሽ ሰዓት ስትጀምር፣ ትርፉን ጊዜ የሞላችው ተጨማሪ ድርጊት በመክተት አልነበረም፤ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና እየጠጡ በሚወራ ወሬ ነበር። በወጥ ቤቱ የተነሣው ጉዳይ በየቤቱ እየዞረ ለሳምንታት ይብላላ ነበር። ያው ደራሲ ግን በመጨረሻ ዘመኗ የገዛ ድራማዋን ይዛ መዝለቅ አቃታት፤ በ1973 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል አሰናበታት፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አረፈች።

ከፊሊፕስ እጅ ሥር ከወጡት ሁለቱ ታላላቆች አግነስ ኒክሰንና ዊልያም ቤል ናቸው። ኒክሰን በ1962 በ«ጋይዲንግ ላይት» ላይ በርት ባወር የተባለችው ገጸ ባሕርይ በምርመራ የማሕፀን ካንሰር እንዲገኝባት ስታቅድ፣ ፈቃድ ያገኘችው «ካንሰር» እና «ማሕፀን» የሚሉት ቃላት እንዳይነሡ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነበር። ቃላቱን ሳትጠራ ታሪኩን ነገረችው። በ1968 በጀመረችው «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» ላይ ደግሞ ካርላ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ለወራት እንደ ነጭ ሴት አሳየች፤ ተመልካቹ ከለመዳት በኋላ የጥቁሯ የሴዲ ግሬይ ልጅ መሆኗ ተገለጠ። ስብከት የሌለበት ብልሃት ነበር። ተመልካቹ ፍርዱን የሰጠው ሳያውቅ ነው፤ ሲያውቅ ደግሞ ፍርዱን ራሱ መመርመር ነበረበት።

በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጽንስ ማቋረጥን ከፈቀደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በኒክሰን ሌላ ፈጠራ በ«ኦል ማይ ችልድረን» ላይ ኤሪካ ኬን ጽንሷን አቋረጠች። በቀን ድራማ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ደፋር ውሳኔዎች አንዱ ነበር፤ ኤሪካም ይህን ውሳኔ ተሸክማ ከሠላሳ ዓመት በላይ በስክሪኑ ላይ ኖረች። ከዚያ በ2005 እና በ2006 በዋና ደራሲ ሜገን ማክታቪሽ ዘመን ጆሽ ማደን የተባለ ጎልማሳ ብቅ አለ። ታሪኩ እንዲህ ተባለ፦ ጽንሱን ያቋረጠው ሐኪም ጽንሱን አውጥቶ በገዛ ሚስቱ ማሕፀን ውስጥ ተክሎት ኖሯል፤ ጆሽ የኤሪካ ልጅ ነው። ነገሩ በሕክምና ረገድ የማይሆን መሆኑ ቀላሉ ጥፋት ነው፤ በዚህ ዘርፍ ሙታንም ይነሣሉና። ከባዱ ጥፋት አንዲት ሴት በራሷ ሕይወት ላይ የወሰነችውና የድራማው ማንነት የተገነባበት ውሳኔ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልነበረ መደረጉ ነው። ጆሽ ብዙም ሳይሠራበት በ2009 ተገደለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለድንጋጤ የመጣ ገጸ ባሕርይ በድንጋጤ ሄደ።

ቤል «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ»ን ከባለቤቱ ከሊ ፊሊፕ ቤል ጋር በ1973 ፈጥሮ ራሱ እስከ 1998 መራው። ሌሎች ድራማዎች በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ዋና ደራሲ ሲቀያይሩ፣ ይህ ሩብ ምዕተ ዓመት በአንድ እጅ መቆየቱ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተመልካች ቁጥር ከፊት እንዲመራ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በ1984 ተዋናይቷ ጂን ኩፐር ፊቷን በቀዶ ሕክምና ስታስነሳ፣ ቤል እውነተኛውን ቀዶ ሕክምና እሷ የምትጫወታት የካትሪን ቻንስለር ታሪክ አድርጎ አቀረበው።

ስለ ሙያው በግልጽ ከተናገሩት ሁሉ የተሻለው ዳግላስ ማርላንድ ነው። ከ1985 እስከ ሞተበት እስከ 1993 «አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ»ን የመራው ማርላንድ፣ ድራማን እንዴት ላለማበላሸት የሚል የምክር ዝርዝር ትቷል። አዲስ ዋና ደራሲ ድራማውን ይመልከት፣ ታሪኩን ያጥና፣ የተመልካች ደብዳቤ ያንብብ፣ መሠረታዊ ገጸ ባሕርያትን አይለውጥ፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ ቀስ ብሎ ያስገባ፣ ለስድስት ወር ማንንም አያባርር ይላል። ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ያዋሉት ግን ጥቂት ናቸው። እሱ ራሱ የገበሬዎቹን የስናይደር ቤተሰብ አስገብቶ ከነባሮቹ ጋር በጋብቻና በጠብ አዛመዳቸው፤ በ1988ም የግብረ ሰዶም ዝንባሌ ያለውን ሃንክ ኤሊየትን ያለ ጫጫታ የመንደሩ ሰው አደረገው።

ክሌር ላቢን ከ1993 እስከ 1996 በ«ጄኔራል ሆስፒታል» ላይ የሠራችው ለብዙዎች የዘርፉ ጣሪያ ነው። በ1994 የሐኪሙ የቶኒ ጆንስ ትንሽ ልጅ ቢጄ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አደጋ አንጎሏ ሞተ። በዚያው ሆስፒታል የቶኒ ወንድም ልጅ ማክሲ ልብ የሚሰጣት አጥታ በሞት አፋፍ ላይ ነበረች። የቢጄ ልብ ለማክሲ ተሰጠ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶኒ ወደ ማክሲ አልጋ ቀርቦ ጎንበስ አለና ጆሮውን በደረቷ ላይ አድርጎ የልጁን ልብ ሲመታ አዳመጠ። ትዕይንቱ ይህን ያህል የከበደው ሁለቱ ልጆች በተመልካቹ ዓይን ፊት ያደጉ በመሆናቸው ነው፤ እንግዳ ሕፃን ቢሆን ኖሮ እንባው ባልመጣ። በ1995 ደግሞ ስቶን ኬትስ በኤድስ ሲሞት፣ ተመልካቹ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ፍቅረኛው ሮቢን ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ተገኘ። ዕለታዊ ድራማ ከሲኒማ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ጄምስ ራይሊ ለመመደብ የሚያስቸግር ነው። በ«ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ» ላይ በ1993 ካርሊ ማኒንግን ከነሕይወቷ አስቀበራት፤ ቀጥሎ በ1994 እና 1995 የሥነ አእምሮ ሐኪሟን ማርሊናን ሰይጣን እንዲይዛት አደረገ። ተቺዎች ሳቁ፤ ተመልካቹ ግን ጨመረ። በፍጥነት ይገሰግሱ በነበሩት ድራማዎች መካከል የራይሊ ታሪክ እጅግ አዝጋሚ ነበርና ብልሃቱ ከሰይጣኑ ይልቅ በማዘግየቱ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በ2003 ተመልሶ ሲመጣ ነባር ገጸ ባሕርያትን አንድ በአንድ አስገደለ፤ ከ1965 ጀምሮ የነበረችው አያት አሊስ ሆርተን እንኳ በገዛ ዶናቷ ታንቃ ሞተች። ከዚያ ሁሉም በአንዲት ደሴት ላይ በሕይወት ተገኙ፤ የደሴቲቱ ስም «ሜላስዌን» ሲሆን በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ኒው ሴለም» (አዲሲቱ ሴለም) ይሆናል፤ ሴለም የድራማው ከተማ ናት። ለወራት ያለቀሰው ተመልካች እንባው መቀለጃ ሆነበት።

የድንጋጤ ጥማት የራይሊ ብቻ አልነበረም። በክሎኒንግ ተባዝታ የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግ ዜና በሆነች ማግስት በ1998 «ጋይዲንግ ላይት» ሪቫ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ አባዝቶ ሁለት አደረጋት። ለዚህ የሚገፋፋው የማስታወቂያ ዋጋ የሚተመንባቸው የየካቲት፣ የግንቦትና የኅዳር የተመልካች ቆጠራ ወራት ናቸው። በ1993 በዚያው ድራማ ላይ የቤተሰቡ ምሰሶ የነበረችው ሞሪን ባወር በመኪና አደጋ እንድትሞት ተደረገ፤ ተዋናይቷ ኤለን ፓርከር በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማት አገኘች። የመሰናበቻው ክፍሎች አጻጻፍ ያማረ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ሲቸገር የሚሮጥባት ሴት ስትጠፋ ግን ወጥ ቤቱ ባዶ ቀረ፣ የቀሩት ገጸ ባሕርያትም ምስጢራቸውን የሚያወሩበት አጡ።

«አዝ ዘ ወርልድ ተርንስ» በ1956 የተከፈተው ናንሲ ሂውዝ ለባሏ «እንደምን አደርክ» በምትልበት ቃል ነበር። ተዋናይቷ ሄለን ዋግነር ድራማው ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ2010 አረፈች። በመስከረም ወር በቀረበው የመጨረሻ ክፍል ላይ የናንሲ ልጅ ዶክተር ቦብ ጡረታ ወጥቶ የቢሮውን ዕቃ ሰበሰበና «ደህና እደሩ» ብሎ ወጣ። በጠረጴዛው ላይ የቀረው የዓለም ሉል ብቻ ነበር።