የሂሳብ ጭንቀት በኮሌጅ ተማሪዎች ዘንድ፦ ምንነቱና ማቅለያ መንገዶቹ

የሂሳብ ጭንቀት የሚባለው አንድ ሰው ሲያሰላ፣ ወይም ሊያሰላ መሆኑን ሲያስብ ብቻ የሚያድርበት ፍርሃት፣ መወጠርና የመሸሽ ስሜት ነው። ከአጠቃላይ የፈተና ፍርሃት ጋር ቢዛመድም ከእሱ ይለያል፤ የታሪክ ወይም የባዮሎጂ ፈተናን ተረጋግቶ የሚሠራ ተማሪ የሂሳብ ወረቀት ሲቀርብለት እጁን ሊያልበው፣ ልቡ ሊመታ፣ ትናንት ማታ የሠራው ዓይነት ጥያቄ ዛሬ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በሕክምና መዝገቦች ውስጥ እንደ አንድ የአእምሮ ሕመም አልተመዘገበም። ሆኖም ተማሪው የሚመርጠውን የትምህርት ክፍል፣ የሚያመጣውን ውጤትና በኋላ የሚሰማራበትን ሙያ የመወሰን ኃይል ስላለው የሥነ ልቦናና የትምህርት ተመራማሪዎች ከ70 ዓመት በላይ ሲያጠኑት ቆይተዋል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጉዳዩ ላይ ከተጻፉት ቀደምት ጽሑፎች አንዱን በ1954 አሜሪካዊቷ መነኩሲት ሜሪ ፋይድስ ጎፍ አሳተሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ራልፍ ድሬገርና ሉዊስ ኤይከን የኮሌጅ ተማሪዎችን አጥንተው የቁጥር ፍርሃት ከአጠቃላይ ጭንቀት የሚለይ ነገር መሆኑን፣ ከሂሳብ ውጤት ማነስ ጋር ሲያያዝ ከአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ ጋር ግን እምብዛም እንደማይያያዝ አመለከቱ። በ1972 ፍራንክ ሪቻርድሰንና ሪቻርድ ስዊን 98 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጁ፤ ይህ ረጅም መጠይቅ በኋላ ወደ 25፣ ቀጥሎም በሌሎች ተመራማሪዎች እጅ ወደ 9 ጥያቄዎች ስላጠረ ዛሬ አንድ መምህር በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ በጥቂት ደቂቃ ሊያስሞላው ይችላል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሺላ ቶባያስ በአሜሪካው ዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ፍርሃት ያለባቸው ተማሪዎች የሚረዱበት «የሂሳብ ክሊኒክ» እንዲቋቋም በማድረጋቸው ጉዳዩ ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ሆነ።

ፍርሃት ስሌትን የሚያበላሸው እንዴት ነው? በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ የማርክ አሽክራፍት ሥራ ነው። አእምሮ በሥራ ላይ ሳለ ጥቂት ነገሮችን ለአጭር ጊዜ ይዞ የሚያቆይበት አቅም አለው፤ ይህም የሥራ ትውስታ ይባላል። 47 እና 38 በቃል ሲደመሩ «5 ተጽፎ 1 ይያዛል» የሚባለው ያ የተያዘ 1 የሚቀመጠው እዚያ ነው። የተጨነቀ ተማሪ ግን «ልወድቅ ነው»፣ «ሌሎቹ ጨርሰዋል»፣ «ቤተሰቤ ምን ይለኛል» የሚሉ ሐሳቦች ያንኑ ጠባብ ቦታ ይሻሙበታል። አሽክራፍትና ኤሊዛቤት ከርክ በ2001 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች ፊደላትን በቃላቸው እንደያዙ እንዲደምሩ ሲታዘዙ፣ ከፍተኛ ጭንቀት ያለባቸው ተማሪዎች ስህተት በተለይ የሚያዝ ቁጥር ባለበት ድምር ላይ በእጅጉ ጨምሯል። የሚያዝ ነገር በሌለበት ቀላል ድምር ላይ ግን ከጓደኞቻቸው ያን ያህል አይለዩም። ስለዚህ የፈተናው ውጤት የሚያሳየው የተማሪውን እውቀት ብቻ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ከእውቀቱ ምን ያህሉን ሊጠቀምበት እንደቻለ ጭምር ነው።

በ2012 ኢያን ላየንስና ሺያን ቤይሎክ በአንጎል ምስል ያዩት ነገር ከዚህ ጋር አብሮ ይነበባል። ከፍተኛ ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ገና የሂሳብ ጥያቄ ሊመጣ መሆኑ ሲነገራቸው ከአካላዊ ሕመም ስሜት ጋር የሚያያዝ የአንጎላቸው ክፍል የበለጠ ሥራ ይጀምራል፤ ስሌቱን ራሱን በሚሠሩበት ጊዜ ግን ይህ አልታየም። ከመግቢያው በር እስከ መቀመጫው ያለው መንገድ ከፈተናው ይከብዳል የሚሉ ተማሪዎች የሚያጋንኑ ላይሆኑ ይችላሉ።

ጭንቀት ደካማነትን ያመጣል ወይስ ደካማነት ጭንቀትን የሚለው ክርክር አሁንም አልተዘጋም። ሬይ ሄምብሪ በ1990 የ151 ጥናቶችን ውጤት አጠናቅሮ ሲመረምር በጭንቀትና በሂሳብ ውጤት መካከል መካከለኛ የሆነ ተቃራኒ ግንኙነት አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሥራዎች ብዙዎቹ ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚሄድ ተጽዕኖ ያዘነብላሉ። ክፍልፋይን በደንብ ሳይረዳ ያለፈ ልጅ አልጀብራ ላይ ይሰናከላል፣ ሲሰናከል ይፈራል፣ ሲፈራ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ልምምድ ስለማያደርግ ክፍተቱ ይሰፋል። ሽሽቱ ሁልጊዜ ኮርስ መተው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ተማሪ ፈተና ላይ ተቀምጦም ይሸሻል፣ ማለትም ከወረቀቱ ቶሎ ለመገላገል ብሎ ጥያቄዎቹን እየተጣደፈ ይመልስና ቀድሞ ይወጣል። በመምህሩ ዓይን ይህ ግድየለሽነት ሊመስል ይችላል።

የሄምብሪ ጥናት ከኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ከፍተኛው ጭንቀት የታየው ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት በሚሠለጥኑት ላይ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግኝት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሊያሳስብ የሚገባ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በ2010 ቤይሎክና ባልደረቦቿ በአሜሪካ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሴት መምህራንን ሲያጠኑ፣ መምህርቷ ለሂሳብ ያላት ጭንቀት ከፍ ባለ ቁጥር በዓመቱ መጨረሻ የሴት ተማሪዎቿ ውጤት ዝቅ ብሎ፣ «ሂሳብ ለወንድ ነው» የሚለው እምነትም በእነዚሁ ሴት ልጆች ዘንድ በርትቶ ተገኝቷል። በኮሌጅ ሳይቃለል የቀረ ፍርሃት በዚህ መንገድ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይሻገራል። ሴት ተማሪዎች ከወንዶች የበለጠ ጭንቀት እንዳለባቸው በመጠይቆች ላይ ቢናገሩም፣ በሄምብሪ ጥናት ይህ ልዩነት ውጤታቸውን ከወንዶቹ የባሰ ሲጎዳው አልታየም።

ወደ ማቅለያዎቹ ስንመጣ፣ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው የሥነ ልቦና ዘዴዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተማሪው እየተረጋጋ ከቀላሉ አስፈሪ ሁኔታ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ እንዲለማመድ ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ መጽሐፉን መክፈት፣ ቀጥሎ ያለ ሰዓት ገደብ መሥራት፣ በኋላ በሰው ፊት ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሥራት። ሁለተኛው «የሂሳብ ጭንቅላት የለኝም» የሚለውን ዓይነት ሐሳብ በማስረጃ እየፈተሹ ማረም ነው። የመዝናናት ልምምድ ለብቻው ሲሰጥ ግን ያን ያህል አልፈየደም። ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ስጋትን በወረቀት ላይ መዘርገፍ ውጤት እንደሚያሻሽል በ2011 ጄራርዶ ራሚሬዝና ቤይሎክ ዘግበው ዜናው በዓለም ተሠራጭቶ ነበር፤ ይሁንና በ2018 ይፋ የሆነ የድጋሚ ሙከራ ውጤቱን አላገኘውም። ዘዴው ወጪ ስለሌለው መሞከሩ አይጎዳም፤ በእሱ ላይ ብቻ መተማመን ግን ተገቢ አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከማስተማሪያ መንገዱ እንደሆነ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። በ1970ዎቹ ዩሪ ትሪስማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ተማሪዎቹን እየተከታተለ አስተዋለ። መምህራኑ ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ፣ ድህነት ወይም ደካማ መሠረት ነው ብለው ይገምቱ ነበር። እሱ ያየው ግን ሌላ ነው፤ ጥቁሮቹ ተማሪዎች ረጅም ሰዓት ቢያጠኑም ለብቻቸው ነበር፣ የተሻለ የሚያመጡት ቻይናውያን ተማሪዎች ደግሞ አንድ ላይ እየተሰበሰቡ መልስ ያመሳክሩ፣ ይከራከሩ፣ ማን የት እንደተሳሳተ ይተራረሙ ነበር። ለብቻው የሚያጠና ሰው ጥያቄው ለሁሉም ከባድ መሆኑን ስለማያውቅ ችግሩ የራሱ ድንቁርና ይመስለዋል። ትሪስማን የከፈተው የቡድን ሥራ መርሃ ግብር ተማሪዎቹን «ደካሞች» ብሎ አልጠራም፣ ቀላል ጥያቄም አልሰጣቸውም፤ ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎችን በጋራ እንዲሠሩ አደረገ፣ ውጤታቸውም በግልጽ ተሻሻለ።

የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሙከራም እዚህ ይጠቀሳል። ለኮሌጅ ሂሳብ ገና ዝግጁ አይደሉም ተብለው የማካካሻ ሂሳብ እንዲወስዱ የተመደቡ ተማሪዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የአልጀብራ ማካካሻ ብቻ ከወሰዱት 39 በመቶ፣ አልጀብራን ከሳምንታዊ የእገዛ ክፍለ ጊዜ ጋር ከወሰዱት 45 በመቶ፣ በቀጥታ ወደ ኮሌጅ ደረጃ ስታቲስቲክስ ገብተው ተመሳሳይ እገዛ ካገኙት ደግሞ 56 በመቶ አለፉ። ሙከራው ጭንቀትን ለመለካት የታቀደ አልነበረም። ቢሆንም ተማሪን አንዴ ወደ ወደቀበት ይዘት ደጋግሞ መመለስ ብቸኛው መንገድ አለመሆኑን ያሳያል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተተገበረው 70 በ30 የቅበላ ፖሊሲ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች አስገብቷል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ኮርሶች ሲመለሱ ደግሞ ሂሳብ ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪዎች የሚሰጥ ሆነ፤ ከሂሳብ ለመሸሽ ብሎ ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እዚያው ይጠብቀዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑም የሚናቅ ጫና አይደለም፤ የቃላት ጥያቄን መጀመሪያ በባዕድ ቋንቋ ፈትቶ ከዚያ እኩልታ ለማቆም የሚታገል ተማሪ ያንኑ ጠባብ የሥራ ትውስታ በሁለት ሥራ ይከፍለዋል።

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በመሆናቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ተጀምሯል። ዝቅተኛው ውጤት በጭንቀት የመጣ ነው ማለት አይቻልም፣ መንስኤዎቹ ብዙና ጥልቅ ናቸው። ነገር ግን ወደ ሪሜዲያል ክፍል የሚገባው ተማሪ ገና በቅርቡ መውደቁ በአደባባይ የተነገረው ተማሪ ነው፣ ከፊቱ ያለው ጥቂት ወር ነው፣ በመጨረሻም እጣ ፈንታውን የሚወስን ፈተና ይጠብቀዋል። በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል መምህሩ በፍጥነት መጨረስን ብቻ ግብ ካደረገ ተማሪው ወደ ሽምደዳ ይገባል። ቲቶሪያሉን ለቡድን ሥራ ማዋል፣ ነጥብ የማይያዝባቸው አጫጭር ኩዊዞችን ማዘውተር፣ የተሳሳተ መልስን በስም ሳይጠሩ ሰሌዳ ላይ መተንተንና ጥያቄውን ተማሪው በሚቀናው ቋንቋ እንዲወያይበት መፍቀድ ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም።