የፖሊስና የደኅንነት ተቋማት ተጠያቂነት በሰላም ሂደት ወቅት፦ ከጅማ ሲታይ

በሰላም ሂደት ወቅት የጸጥታ ተቋማት ተጠያቂነት ሲባል፣ ፖሊስና የመረጃና ደኅንነት አገልግሎት በግጭቱ ዘመን ለፈጸሙትም ሆነ ከስምምነት በኋላ ለሚፈጽሙት ድርጊት ለሕግ፣ ለሕዝብ ተወካዮችና ለተጎጂዎች መልስ የሚሰጡበት ሥርዓት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ጥያቄው ጎልቶ የወጣው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት በፕሪቶሪያ ከፈረሙት ስምምነት ወዲህ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለምትርቀው ጅማ ይበልጥ የሚቀርበው የኦሮሚያው ጉዳይ ነው። መንግሥትና የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በታንዛኒያ ሁለት ጊዜ ተነጋግረው አልተስማሙም፤ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከቡድኑ አንድ ክፍል ጋር ተፈራርሟል። ስለዚህ እዚህ ተጠያቂነት የሚጠየቀው ግጭቱ ካበቃ በኋላ ሳይሆን ገና መሀሉ ላይ ነው።

ሰው ተያዘ ሲባል የጅማ ቤተሰብ ቀድሞ የሚያደርገው ስንቅ ቋጥሮ ጣቢያ ለጣቢያ መዞር ነው። በር ላይ ያለው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን አስከፍቶ፣ ወጡን አስቀምሶ ከተቀበለ ሰውዬው እዚያ አለ ማለት ነው፤ «በዚህ ስም የለም» ካለ ፍለጋው ወደሚቀጥለው በር ይሻገራል። የከተማው ፖሊስ፣ የኦሮሚያ ፖሊስ፣ የፌዴራል ፖሊስና ሚሊሻ በየፊናቸው በሚሠሩበት፣ በ2015 ዓ.ም. የፈረሰው የክልል ልዩ ኃይል አባላትም ወደ ሠራዊቱና ወደ ፖሊስ በተደለደሉበት ሁኔታ፣ ማን ማንን እንደያዘ የሚያሳይ አንድ የታመነ መዝገብ መኖሩ ከየትኛውም የማሻሻያ ሰነድ የሚቀድም ጉዳይ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ደካማ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተያዘበትም ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዝዛል። የመጨረሻው በጅማ ቀላል ነገር አይደለም፤ የክልሉ ፖሊስና ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሠሩ፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ያላነበበውን ቃል እንዳይፈርም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። በ48ቱ ሰዓት ውስጥ ለመንገድ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ አይታሰብም፤ ክረምት ላይ ከሴጠማ ወይም ከጌራ ለሚመጣ ተያዥ ይህ ትንሽ የምትመስል ሐረግ ቀናት ልትሸፍን ትችላለች።

ፖሊስ ቢያንስ የሚንኳኳ በር አለው። የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ግን በአዋጅ ቁጥር 804/2005 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ሆኖ እንደገና የተቋቋመ በመሆኑ፣ በጅማ ያለ ተጎጂ አቤት የሚልበት የቅርብ መስኮት የለውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(7) የጸጥታ ኃይሎች ሰብአዊ መብት ሲጥሱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲመረምርና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ምርመራው በዝግ ቢካሄድ እንኳ ውጤቱ ለተጎጂው ካልደረሰ ሥልጣኑ ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው። በ2010 ዓ.ም. «ማዕከላዊ» የሚባለው የአዲስ አበባ የወንጀል ምርመራ ማቆያ ሲዘጋም የተዘጋው ሕንጻው ነው፤ እዚያ የተሠራውን የሚናገሩት ግን መዝገቦቹና መርማሪዎቹ ናቸው።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግን፣ የእውነት ኮሚሽንንና የተቋማት ማሻሻያ ኮሚሽንን ከባህላዊ ፍትሕ ጋር ያቀናጃል። በጅማ ዙሪያ ጃርሱማ፣ ማለትም የአገር ሽማግሌዎች እርቅ፣ የተጣሉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ አቻ የለውም። ይሁንና በእጁ ያለውን እስረኛ የገረፈ መርማሪ ጉዳይ የጎረቤት ጠብ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28ም ሰውን አስገድዶ መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባን የመሰሉ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም እንደማይታለፉ ይደነግጋል፤ ሽማግሌ ፍርድ ቤትን ሊተካ አይገባም።

በከተማዋ ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ማቆያ ቦታዎችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ መጎብኘት ይችላል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ የተደበደበ ሰው አቤቱታውን ይዞ ሲሄድ፣ ቃሉን የሚቀበለው መርማሪ ብዙ ጊዜ የደበደበው ሰው የሥራ ባልደረባ ነው።