የኒው ጀርሲ ገዥነትና የመተካካት ሕጉ

ከአሜሪካ ክፍለ ግዛት ገዥዎች መካከል ሰፊ ሥልጣን ካላቸው አንዱ የኒው ጀርሲ ገዥ ነው። ዳኞችን፣ ዋናውን ዐቃቤ ሕግና የየአውራጃውን ዐቃብያነ ሕግ በሴኔቱ ስምምነት ይሾማል፤ ከበጀት ሕግ ውስጥም አንድን ወጪ ነጥሎ መሰረዝ ይችላል። ይህ ወንበር ድንገት ሲለቀቅ ማን ይቀመጥበታል ለሚለው ጥያቄ ግን እስከ 2010 ድረስ አጥጋቢ መልስ አልነበረም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1776ቱ ሕገ መንግሥት ገዥውን በየዓመቱ የሚመርጠው ሕግ አውጪው እንዲሆን ደነገገ። የእንግሊዝ ንጉሥ ሹም የነበሩት ዊልያም ፍራንክሊን በዚያው ዓመት ታስረው ስለነበር ጠንካራ ገዥ የፈለገ አልነበረም። የመጀመሪያው ገዥ ዊልያም ሊቪንግስተን በ1790 ሥልጣን ላይ እንዳሉ ሲሞቱ፣ የላይኛው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ኤሊሻ ሎውረንስ ተተኪ እስኪመረጥ ድረስ ሥራውን ሸፈኑ።

በ1844 ምርጫው ለሕዝብ ተሰጠ። የሥልጣን ዘመኑ 3 ዓመት ሆነ፤ ገዥው ራሱን መተካት ተከለከለ። ወንበሩ ሲጎድል ተራው በመጀመሪያ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ የታችኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበር። ውድሮው ዊልሰን በማርች 1913 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን ሲለቁ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ፊልደር ተተኩ። ፊልደር በመጪው ምርጫ ለመወዳደር ስለፈለጉ ክልከላው እንዳይይዛቸው በኦክቶበር ከሥልጣን ወረዱ፤ አፈ ጉባኤው ሊዮን ቴይለር እስከ ጃንዋሪ ወንበሩን ጠበቁላቸው።

የ1947ቱ ሕገ መንግሥት ዘመኑን 4 ዓመት አድርጎ ሁለት ተከታታይ ጊዜ ፈቀደ። የመተካካቱን ነገር ግን እንደነበረ ተወው፤ ትልቁ ስሕተትም ይኸው ነው። ተጠባባቂው ገዥ የሴኔት ፕሬዚዳንትነቱን ስለማይለቅ፣ ረቂቁን በሴኔት መርቶ ያጸደቀው ሰው ራሱ ሕግ አድርጎ ይፈርመው ነበር። ሥልጣኑ ከሴኔት መንበሩ ጋር የታሰረ በመሆኑም ሴኔቱ ሲለወጥ ተጠባባቂው አብሮ ይሄድ ነበር።

ገዥ ክርስቲን ቶድ ዊትማን በጃንዋሪ 2001 ማብቂያ ሲለቁ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ዲፍራንቼስኮ ተጠባባቂ ሆኑ። የእሳቸው ሴኔት ዘመን ጃንዋሪ 8 ቀን 2002 አበቃ፤ ተመራጩ ገዥ ጂም መግሪቪ ደግሞ ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት ጃንዋሪ 15 ነበር። አዲሱ ሴኔት በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 20 ለ20 ስለተከፈለ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ሰየመ። እነሱ ሥራ እስኪጀምሩ ዋናው ዐቃቤ ሕግ ጆን ፋርመር ለ90 ደቂቃ ያህል ተጠባባቂ ሆኑ፤ ከዚያ ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች ጆን ቤኔትና ሪቻርድ ኮዲ ሳምንቱን ለሁለት ተካፈሉት። በ8 ቀን ውስጥ የገዥነት ሥልጣን በአምስት ሰው እጅ አለፈ።

መግሪቪም በኦገስት 2004 እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ሥልጣናቸውን የለቀቁት ግን ኖቬምበር 15 ነው። ወንበሩ ከኖቬምበሩ ምርጫ 60 ቀን ቀድሞ ቢለቀቅ ኖሮ ሕዝቡ በዚያው ዓመት ተተኪ ይመርጥ ነበር። በመዘግየቱ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ኮዲ ሕዝብ ለገዥነት ሳይመርጣቸው እስከ ጃንዋሪ 2006 ገዙ።

ሕዝቡ በኖቬምበር 2005 የምክትል ገዥን ሹመት የሚፈጥረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከ2009 ምርጫ በኋላ ስለነበር፣ ገዥ ጆን ኮርዛይን በኤፕሪል 2007 በመኪና አደጋ ክፉኛ ሲጎዱ ዳግመኛ የተጠሩት ኮዲ ናቸው። የመጀመሪያዋ ምክትል ገዥ ኪም ጓዳኞ በጃንዋሪ 2010 ሥራ ጀመሩ።

ዛሬ ዕጩ ገዥ ከቀዳሚው የፓርቲ ምርጫ በኋላ ምክትሉን ይመርጣል፤ መራጩም ለሁለቱ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው። ምክትሉ መሥሪያ ቤት ሊመራ ይችላል፤ ዋና ዐቃቤ ሕግ መሆን ግን አይፈቀድለትም። ገዥው ከክፍለ ግዛቱ ከወጣ ምክትሉ ይተካል፣ ምክትሉ ከሌለ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ አፈ ጉባኤው። ምክትል ገዥ ሺላ ኦሊቨር በጁላይ 2023 ማብቂያ ሆስፒታል ሲገቡ ገዥ ፊል መርፊ ውጭ አገር ስለነበሩ ሥራው ወደ ሴኔቱ ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ስኩታሪ አለፈ፤ ኦሊቨር በማግስቱ ኦገስት 1 አረፉ። ምክትል ሲጎድል ገዥው በ45 ቀን ውስጥ ሌላ መሾም ግዴታው ነው፤ መርፊም በሴፕቴምበር 8 ታሄሻ ዌይን ሾሙ።

ገዥው በሕመም ወይም በመራቅ 6 ወር ሥራውን ካልሠራ ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ውሳኔ ያቀርባሉ፤ ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ የሚወስነው ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።