ስለ ኦዙ የቤተሰብ ፊልሞች የሚባለውና እውነታው

ጸጥ ያሉት የጃፓን የቤተሰብ ፊልሞች ሲነሱ ቀድሞ የሚጠራው ዳይሬክተሩ ያሱጂሮ ኦዙ ነው (1903–1963 እ.ኤ.አ.)። ስለ እሱ የሚወራው ግን ግማሹ ልክ አይደለም።

«ምንም ነገር አይፈጠርም»

በ«ቶክዮ ስቶሪ» (1953) አዛውንት ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከኦኖሚቺ ከተማ ቶክዮ ድረስ ይሄዳሉ። ልጆቹ ጊዜ የላቸውምና አታሚ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ይልኳቸዋል። እናትየው ሲመለሱ መንገድ ላይ ይታመማሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ያርፋሉ። ታሪኩ ሞልቷል፤ ኦዙ የሚዘለው ሌላው ፊልም ሠሪ የሚያጎላውን ቦታ ነው። የእናትየውን መታመም አናይም፤ ኦሳካ ያለው ልጃቸው ለሥራ ባልደረባው ሲነግረው እንሰማለን እንጂ። «ሌት ስፕሪንግ» (1949) ከዳር እስከ ዳር ስለ አንዲት ልጅ መዳር ሆኖ ሳለ ሰርጉም ሙሽራውም አይታዩም። ሙሽሪት ለብሳ ትሰናበታለች፤ በኋላ አባቷ ባዶ ቤት ገብቶ ፖም ይልጣል፣ ልጣጩ ሲወድቅ እጁ ይቆማል። ትልቁ ወሬ በወግ መካከል አንዴ ተነግሮ ስለሚታለፍ፣ ስልክ እየነካኩ የሚያይ ሰው «ምንም የለውም» ቢል አይፈረድበትም።

«ካሜራው ወለል ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ነው»

ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ማንም ወለል ላይ በማይቀመጥበት ቢሮና ኮሪደር እንኳ ዝቅ እንዳለ ነው። ሌንሱም ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል 50 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ተመልካችን ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ሌላ ነገር ነው፦ ፊት ለፊት የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች በየተራ ሲታዩ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። የኤዲቲንግ ስህተት አይደለም፤ ካሜራው በሁለቱ ተነጋጋሪዎች መካከል ካለው ምናባዊ መስመር በአንድ ወገን ብቻ ይቁም የሚለውን የ180 ዲግሪ ደንብ ኦዙ እያወቀ ይጥሰዋል።

«ካሜራው ጨርሶ አይንቀሳቀስም»

ለመጨረሻዎቹ የቀለም ፊልሞቹ እውነት ነው። በ1930ዎቹ ድምፅ አልባ ፊልሞቹ ግን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። «ቶክዮ ስቶሪ» ውስጥም ኡዌኖ በተባለው የቶክዮ ሰፈር ካሜራው በግንቡ ጥግ ቀስ ብሎ ሄዶ አዛውንቶቹ ከተቀመጡበት ይደርሳል።

«ወላጆቹ ቅዱሳን፣ ልጆቹ ክፉዎች ናቸው»

በ«ቶክዮ ስቶሪ» ትልቋ ሴት ልጅ ሺጌ ከቀብሩ በኋላ ገና ከማዕድ ሳይነሱ የእናቷን ልብስ ትጠይቃለች፤ ብዙ ሰው የሚጠላትም ለዚህ ነው። ነገር ግን አባትየው አንድ ሌሊት ሰክሮ ሲመጣ የምታጉረመርመውን ልብ ይሏል፦ ድሮም እንዲህ ይጠጣ ነበር። ምሬቷ የዛሬ አይደለም።

«ባህሉን ላላወቀ አይገባም»

የ«ቶክዮ ስቶሪ» መነሻ የሆሊዉድ ፊልም ነው፤ የሊዮ ማኬሪ የ1937 ሥራ። አብሮ ጸሐፊው ኮጎ ኖዳ አይቶት ነበር።

«ሁሉም ያስለቅሳሉ»

«ጉድ ሞርኒንግ» (1959) ቴሌቪዥን ካልተገዛልን አንናገርም ስላሉ ወንድማማቾች ነው፤ የፈስ ቀልድም አይጠፋበትም። 94 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል። ቀጥሎ የ108 ደቂቃው «ሌት ስፕሪንግ»፣ ከዚያ የ136 ደቂቃው «ቶክዮ ስቶሪ»። ኦዙ በጣም የዋህ ከሆነባችሁ ሌላው የጃፓን ዳይሬክተር ሚኪዮ ናሩሴ አለ፤ በእሱ ፊልሞች ሰው ሁሉ ገንዘብ ይቆጥራል።